ክረምት ላይ በመሀል አዲስ አበባ ታሪክ ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐምሌ በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ከውጭ ዘመድ መጥቷል፣ ከሐዋሳም ከደሴም ልጆቹን ይዞ የመጣ አለ። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አዲስ አበባ ውስጥ ታሪክ የት ነው ያለው?» ያደግኩት ፒያሳ ነው። ከተማዋን የተማርኳት ከአባቴ ጋር በእግር እየዞርኩ ነው፣ አሁን ደግሞ የአክስቶቼን ልጆች የማዞረው እኔ ነኝ። በየክረምቱ ከምመልሳቸው ጥያቄዎች የሚበዙትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የጻፍኩት ስለ መሀል ከተማው ብቻ ነው፤ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ መስቀል አደባባይና ለገሃር።

አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር እያሉ አዲስ አበባ ምን ታሪክ አላት?

እውነት ነው፣ ከእነሱ ጋር ስትተያይ ልጅ ናት። የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ምኒልክና ጣይቱ እንጦጦ ተራራ ላይ ነበሩ፤ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ እየወረዱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩበት፣ ስሙንም እሳቸው አወጡለት። ከተማዋ እንዲያውም ልትቀር ምንም አልቀራት ነበር። ማገዶ አለቀ፤ ዙሪያው ያለው ጫካ ተመነጠረ፤ ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ዛፉን ስታዩ መናፈሻ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት፤ ያ ዛፍ ባይበቅል ዛሬ እዚህ ከተማ አይኖርም ነበር።

ደግሞ የአዲስ አበባ ታሪክ ቅርብ ነው። ያየው ሰው በሕይወት አለ። ላሊበላ ሄዳችሁ ዓለቱን የፈለፈለውን ሰው መጠየቅ አትችሉም፤ እዚህ ግን ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጡት እማማ የ1966ቱን ለውጥ በዓይናቸው አይተውታል። እኔን ከዚህ ከተማ ጋር ያቆራኘኝ ይሄ ነው።

በዝናብ ማን ይዞራል? እስከ መስከረም ብጠብቅ አይሻልም?

መስከረም ያምራል። ግን እረፍታችሁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ አትጠብቁ። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ወጥታችሁ የውጭ የውጩን፣ ማለትም ሐውልቱን፣ አደባባዩን፣ ሰፈሩን ጨርሱ፤ ደመናው ሲጠቁር ሙዚየም ግቡ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ትቆያላችሁ፣ ስትወጡ አየሩ ታጥቦ ይጠብቃችኋል።

ጃንጥላ ግድ ነው። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ወፍራም ሹራብም ያዙ፤ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቼ «አፍሪካ ነው» ብለው በቲሸርት ወጥተው ሲንቀጠቀጡ በየዓመቱ አያለሁ። ሌላው ካልሲ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ምንጣፉ እርጥብ ነው። አንድ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ በረጠበ ካልሲ ዞሬ ሳምንት ሙሉ በጉንፋን ተኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ትርፍ ካልሲ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ሳልከት አልወጣም።

ስንት ቀን ይበቃኛል?

ሦስት ግማሽ ቀን። አንዱን ለፒያሳ፣ አንዱን ለአራት ኪሎና ስድስት ኪሎ፣ አንዱን ለመስቀል አደባባይና ለገሃር። ሁሉን በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል ሰው ማታ ላይ የሚያስታውሰው የታክሲ ሰልፍ ብቻ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከአራዳ ጊዮርጊስ። ለምን መሰላችሁ? የከተማዋ ታሪክ ገመድ ቢሆን ቋጠሮው እዚያ ነው። ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል የተሠራው ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፣ ያለቀውም በ1903 ዓ.ም. ነው። የጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ድረስ ዘምቷል፤ በጦርነቱ የተማረኩ ጣሊያኖችም በግንባታው ሠርተዋል። በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ የነገሡት እዚህ ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡትም እዚህ ነው። ፋሺስቶች ከተማዋን በያዙበት ዘመን አቃጠሉት። ለምን ይህን ቤተ ክርስቲያን እንደመረጡ መገመት አያስቸግርም። ከነፃነት በኋላ ተጠግኖ ቆመ፣ ውስጡን ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አስዋቡት። ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ፤ አትለፉት።

ከጊዮርጊስ ስትወጡ የምኒልክ ሐውልት ፊት ለፊት ነው። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923ቱ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነበር። ጣሊያኖች አውርደው ቀበሩት። ሰው የተሸነፈበትን ቀን እንዴት እንደሚፈራ እዩ! ነሐሴ 12 የምኒልክ የልደት ቀን ስለሆነ በዚያን ዕለት አካባቢው ከደረሳችሁ ለማስታወስ የሚሰበሰብ ሰው ታገኛላችሁ።

አጠገቡ የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፤ የተመረቀው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። ሰፊ ነው፣ በደንብ ለማየት ሁለት ሰዓት ያስፈልገዋል። ዝናብ ከጣለ በጣም ጥሩ መጠለያ ነው፤ ልጆችም አይሰለቹበትም።

ፒያሳ ፈርሷል ይባላል። የሚታይ ነገር ቀርቷል?

ይህን የሚጠይቁኝ በተለይ ከአገር ከወጡ የቆዩ ሰዎች ናቸው። አዎ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የድሮ ፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል፣ መንገዱም ሰፍቷል። ያደግኩበት ሰፈር ስለሆነ ሳወራው ሆዴ ይባባል። ባለፈው ክረምት አንዲት አክስቴ ከሃያ ዓመት በኋላ መጣች። ዶሮ ማነቂያን አሳዩኝ አለች። ወሰድኳት። የተወለደችበትን ግቢ ስትፈልግ፣ ወዲያ ስትል ወዲህ ስትል፣ በመጨረሻ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ጃንጥላዋን አጠፈችና «በሩ እዚህ ጋ ነበር፣ ውሃ ልማት የተከለው ቧንቧ እዚህ ጋ» እያለች በእግሯ መሬቱን ትነካ ጀመር። እየዘነበ ነበር። እኔም ዝም አልኳት።

ግን የቀረም አለ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ቆሟል፤ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ጥር 2007 ዓ.ም. ላይ እሳት ብዙ ጎድቶት ነበር፤ ዛሬም ገብታችሁ የእንጨት ወለሉ ሲያቃስት መስማት ትችላላችሁ። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነው ቴአትር ቤት የሆነው። በፒያሳ ሕይወት ውስጥ አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ የአርመኖቹ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። ስሙ ራሱ፣ «ፒያሳ»፣ ጣሊያንኛ ነው። ከጣሊያን በፊት ሁሉም አራዳ ነበር የሚለው። ትልቁ ገበያም እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወሩት ጣሊያኖች ናቸው።

የሰፈር ስሞቹስ? ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ… ምን ማለት ናቸው?

ይህ እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ መጀመሪያ የጦር ሰፈር ነበረች። ቤተ መንግሥቱ መሀል፣ ዙሪያውን ደግሞ እያንዳንዱ መኳንንት ከነወታደሩ በተሰጠው ቦታ ይሰፍር ነበር። ለዚህ ነው «ሰፈር» የምንለው። ስሞቹም የእነሱ ናቸው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። በመሀላቸው ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ወንዝና ገደል ነበር የሚለያቸው። ዛሬ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ዳገት የምትወጡት ከዚያ የተነሳ ነው። ክረምት ላይ ድልድዩ ላይ ቆም ብላችሁ ወደ ታች ብታዩ ወንዙ ደፍርሶ እየተንደረደረ ይወርዳል፤ በበጋ ያለ አይመስልም።

ሠራተኛ ሰፈር ምኒልክ የሰበሰቧቸው የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። እሪ በከንቱ ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሌባ ቢዘርፍህ ብትጮኽ የሚደርስልህ የለም፣ እሪታህ በከንቱ ነው ማለት ነው። ቤቱ ቢፈርስም ስሙ አይፈርስም፤ ወያላው ዛሬም ስሙን ይጠራዋል። ስለዚህ ስትዞሩ ስሞቹን ጠይቁ። ፒያሳ ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሊስትሮ ወይም ጋዜጣ አዟሪ ካገኛችሁ «ጋሼ፣ ይሄ ሰፈር ድሮ ማን ይባል ነበር?» በሉት። ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ይነግራችኋል።

በክረምት የሚታሰብ ታሪካዊ ቀን አለ?

አለ፣ በጣም ከባድ ቀን ነው። ሐምሌ 22።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች አዲስ አበባ ከገቡ ሦስት ወር አልሞላም ነበር። አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ በሐምሌ ከየአቅጣጫው ገቡ። ከመሪዎቹ መካከል ደጃዝማች አበራ ካሳና በኋላ ራስ የሆኑት አበበ አረጋይ ነበሩ። ዝናቡ ግን አላግባባቸውም። ወንዞቹ ሞልተዋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መልእክት አይደርስም፤ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ የተባሉት ጦሮች ሳይገናኙ ቀሩ። ጥቃቱ ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስም ተያዙ። ለፋሺስት እንዲገዙና ሕዝቡን እንዲያስገዙ ቢጠየቁ እምቢ አሉ፣ ሕዝቡም መሬቱም እንዳይገዛ ገዘቱ፤ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ሐውልታቸው ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በታች ነው። በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ግንባታ ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። አባቴ በየዓመቱ ሐምሌ 22 ጠዋት ይወስደኝ ነበር። በማግስቱ ሐምሌ 23 የወሩ ጊዮርጊስ ስለሆነ አካባቢው ነጠላ በለበሰ ሰው ይሞላል። ሁለቱን ቀን አያይዛችሁ ብትመጡ፣ ያውም ዝናብ እያካፋ፣ ያን ክረምት በሰውነታችሁ ትረዱታላችሁ። ክረምት ላይ ኑ የምለው ለዚህ ጭምር ነው።

ስድስት ኪሎ ምን አለ?

እኔን ብትጠይቁኝ በከተማዋ ውስጥ ታሪክ ከሁሉም በላይ የተጠቀጠቀበት ግቢ እሱ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ። ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ለማደል ሕዝብ የሰበሰበው እዚያ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ፣ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋ ታረደች፣ ቤቶች ከነሰዎቹ ተቃጠሉ። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርጋ ነው የመዘገበችው። ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የእነሱ ነው፤ ከዩጎዝላቪያ የመጡ ቀራፂዎች ሠርተውታል። መኪናው እየዞረው ስለሚያልፍ ብዙ ሰው ከታክሲ መስኮት ብቻ ነው የሚያየው። ተሻግራችሁ ጠጋ በሉ። ዙሪያውን ያሉትን ቅርፆች አንድ በአንድ እዩ፤ እናቶችን፣ የሚጎተቱትን፣ የወደቁትን። ዝናብ ሲመታው ነሐሱ ይጠቁርና ፊቶቹ ይበልጥ ይወጣሉ።

ግቢ ውስጥ ስትገቡ ከዋናው ሕንፃ ፊት አንድ ደረጃ ታያላችሁ። ወደየትም አያደርስም። ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፣ ወደ ሰማይ ወጥቶ ያቆማል። ያሠሩት ፋሺስቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ያለውን አንድ ዓመት ይወክላል። ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት፣ አለቀ። ልጅ ሆኜ አባቴ እርከኖቹን አስቆጠረኝና አንበሳው ጋ ስንደርስ «እዚህ ላይ ቆመ» አለኝ። ዛሬም እዚያ ስደርስ ያ ድምፅ ይሰማኛል።

ሕንፃው ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ታያላችሁ፣ የየብሔረሰቡን ዕቃ፣ ሥዕላ ሥዕሉን፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቹን። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተገደሉትም በዚሁ ቤተ መንግሥት ነው። ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። አስቡት፤ በ1928ቱ ክረምት ከተማዋን ሊያስለቅቁ የገቡት፣ አምስት ዓመት በዱር በገደሉ ጣሊያንን የተዋጉት ሰው፣ የሞቱት በወገን ጥይት እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት።

ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ እውነተኛዋ ናት?

በመስታወቱ ውስጥ የምታዩት ቅጂው ነው። ዋናው አፅም ለጥበቃ ሲባል በሌላ ክፍል ይቀመጣል። አትዘኑ፤ ቁመቷን ስታዩ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ናት፣ መደነቃችሁ አይቀርም። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ሰላምንም ፈልጓት፤ ዲኪካ ላይ በ1993 ዓ.ም. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች ሕፃን ናት፣ ከድንቅነሽ ትቀድማለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ድንቅነሽ አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸነው ኅዳር 14 ሌሊት ነው። አገሪቱ ልጆቿን በቀበረች ማግስት የሁሉ እናት ከመሬት ወጣች። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያንን መስታወት እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም።

ሥላሴና ባዕታ የግድ ናቸው?

ለታሪክ ወዳድ ሰው? የግድ ናቸው። አንዱን አይቶ ሌላውን መተው አይሆንም፣ ታሪካቸው የተያያዘ ነው። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር አለ፤ አክሱማዊ ቅርፅ ያለው የድንጋይ መቃብር ነው። ንጉሡ ያረፉት ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ በእስር ላይ እያሉ ነው፣ ይሄም ክረምት ነው። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። ከዚያ እስከ 1993 ዓ.ም. የት ቆየ? ባዕታ ለማርያም፣ የምኒልክ መቃብር ያለበት ቤት። በኋላ ነው ወደ ሥላሴ ተወስዶ በክብር የተቀበረው።

ባዕታን ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ያሠሩት ነው። ወደ ምድር ቤቱ ስትወርዱ ምኒልክ መሀል፣ ጣይቱና ዘውዲቱ በግራ በቀኝ ተኝተዋል። ብርዱ ልዩ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። አስጎብኚው አባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት፣ እናንተም ሳታውቁት ዝቅ ታደርጋላችሁ።

ሥላሴ ግቢ ውስጥ ደግሞ ቸኩላችሁ አትውጡ። እነዚያ ስድሳዎቹ እዚያ ናቸው። ሲልቪያ ፓንክረስት እዚያ ናት፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለንደን ሆና ስለ ኢትዮጵያ የጮኸችው እንግሊዛዊት። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እዚያ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፍልሰታ ስለሚገባ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ለጉብኝት አትሂዱ፣ ጠዋት ሂዱ።

ምኒልክ ቤተ መንግሥትን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፣ በአንድነት ፓርክ በኩል፤ ከ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። አዳራሹን፣ የዙፋን ቤቱን፣ እንቁላል ቤት የሚሉትን የምኒልክን ሰገነት ታያላችሁ። ልጆች ካሉ አንበሶቹን ይወዳሉ። ደርግ ባለሥልጣናቱን ያሰረበት ምድር ቤትም እዚያ ነው፤ እላይ አዳራሽ፣ እታች እስር ቤት። መታወቂያ አትርሱ፣ ፍተሻው ጠንካራ ነው።

መስቀል አደባባይና ለገሃርስ?

መስቀል አደባባይ ጫፍ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ፎቶግራፎች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ አብዛኞቹ የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው፣ አፍሮ ፀጉር፣ ሰፊ ኮሌታ። አፅሞችና የተገኙ ልብሶችም አሉ። ትንንሽ ልጆችን ይዛችሁ አትግቡ። አዋቂ ግን፣ በተለይ ወጣት፣ ሳያየው ባይሄድ ደስ ይለኛል። አጠገቡ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት አለ፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው፤ የድሮ ከተማዋን ፎቶዎች ለማየት ጥሩ ነው።

ለገሃር ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ተሰዶ የተመለሰ አንበሳ ነው፤ ጣሊያኖች ሮም ወስደው አደባባይ ላይ አቁመውት ነበር። ከዚያ ወደ ላይ ስትሉ ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ ሌላ የድንጋይ አንበሳ ታገኛላችሁ፤ እሱ ለንጉሡ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ የተሠራ ነው። ትንሽ ከፍ ስትሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ቀይ ኮከቡን ይዞ ቆሟል፤ በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ የደርግ ሐውልት ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት መንግሥት አያችሁ ማለት ነው።

ቀኖቹ ይምታቱብኛል፤ አንዱ 1888 ይላል፣ ሌላው 1896። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም። ዓድዋ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጆቹ 1896። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በእኛ 1929፣ በእነሱ 1937። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ጨምሩ። እኔ እዚህ የጻፍኩት ሁሉ በእኛው ነው። ለመሸምደድ አንድ ቀን ብቻ ያዙ፤ ሚያዝያ 27። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፣ ንጉሡ ድል አድርገው የተመለሱት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ቀኑ በአጋጣሚ አይደለም የተገጣጠመው፣ ሆን ተብሎ ነው። አራት ኪሎ መሀሉ ላይ የቆመው ሐውልት የዚያ ቀን ነው።

ፎቶ ማንሳት ይከለከላል?

ሐውልትና አደባባይ ችግር የለውም። ቤተ መንግሥት አጥር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፖሊስና ወታደር ግን አታንሡ። የአጎቴ ልጅ አንዴ የዝናብ ደመናውን ሲያነሳ ከኋላው የአንድ መሥሪያ ቤት በር ገብቶበት ግማሽ ቀናችን በማስረዳት አለቀ። ሙዚየም ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሲፈቀድም ብልጭታውን አጥፉ፣ ለሥዕሉም ለሚጸልየውም ሰው ስትሉ።

አስጎብኚ ልያዝ?

ለሙዚየም የቤቱን አስጎብኚ ያዙ። ለመንገዱ ግን ከሁሉ የሚሻለው የራሳችሁ ሽማግሌ ነው። አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት ጋሼ፣ ማንም ይሁን። ዝናብ ስለሚፈሩ «እናንተ ሂዱ» ይላሉ፤ ለምኗቸው። በራይድ አስመጧቸው፣ ብዙ አታስኬዷቸው፣ አንድ ቦታ ቡና ቤት አስቀምጧቸውና ጠይቋቸው። ስልካችሁ ላይ ቅዱት።

የት እንብላ?

ክረምት ላይ መንገድ ዳር በከሰል የተጠበሰ በቆሎ አለ፣ በለስም አለ፤ በለሱን ሻጩ ልጦ ይስጣችሁ፣ እሾሁ መጥፎ ነው። ፍልሰታ ከሆነ ሽሮና በያይነቱ በየቤቱ ነው። ቡና ፒያሳ።

መዝጊያ ሰዓትና ዋጋ?

ይቀያየራል፣ በዓል ቀን የሚዘጋም እድሳት ላይ የሚሆንም አለ። ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል፤ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፣ ጥቂት ጥሬ ብርም ያዙ። ትኬት ቆራጩ ጋ ስትደርሱ የሻንጣ ማስቀመጫ እንዳለ ጠይቁ፣ የረጠበ ጃንጥላ ይዞ መግባት ብዙ ቦታ አይፈቀድም።